ክዳኑ ላይ ያረፈው ወዝ

ይርዳው ማታ ከፎቶ ቤቱ ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ የሚያደርገው አንድ ሥራ ነበረው። ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ላፕቶፑን ያወጣል፣ ወደ መስኮቱ ይወስደዋል፣ ክዳኑንም ለብርሃኑ አጋድሎ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ያየዋል። ገበያ ላይ ጤፍ የሚገዛ ሰው እፍኝ ዘግኖ ወደ ፀሐይ እንደሚያየው ማለት ነው። ሚስቱ መዓዛ ይህን ስታይ መጀመሪያ ትስቅ ነበር፤ ኋላ ሳቁን ተወችው።

የላፕቶፑ ክዳን ስስ ጥቁር ጎማ የለበሰ ነው። ከባሕር ዳር ያገለገለውን ሲገዛ የወደደለትም ይህንኑ ነበር፤ ከእጅ አያሟልጭም፣ ሲዳስሱትም ለስላሳ ነው። ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ሆኖ ተገኘ። ብረት ላይ ያረፈ የጣት ወዝ በእጅጌ ጫፍ ይጠፋል፤ ጎማው ግን ወዙን ይጠጣውና ቦታውን አብለጭልጮ ያስቀረዋል። ሻጩ «አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አንሣለት። ካልለቀቀህ ጨርቁን ረጠብ አድርገህ አንዲት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምርበትና ሳትጫነው አሸት አሸት አድርገው። አልኮል ግን እንዳታስነካው፣ ጎማውን ይበላዋል» ብሎ መክሮታል። ይርዳው ለዚሁ ሥራ ከመዓዛ አሮጌ ነጠላ ላይ ቁራጭ ቀዶ፣ አጥቦ፣ ከላፕቶፑ ጋር ቁም ሳጥኑ ውስጥ አኖረ። ሌላ ሰው ጨርቁንም ሆነ ላፕቶፑን እንዲነካ አይፈቅድም።

በመካነ ኢየሱስ ከተማ ይርዳውን የማያውቅ ሰው ማግኘት ይቸግራል። የእስቴ ወረዳን ሠርግ አብዛኛውን የሚቀርጸው እሱ ነው። ሙሽራ ያስቃል፣ ሚዜ ያሰልፋል፣ የተኮራረፈ ዘመድ አጠገብ ላጠገብ አቁሞ ፎቶ ያነሣል። ሰው ማመን ብቻ አልሆነለትም። በሩን ቆልፎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ይገፋዋል። ሻይ ሲያዝ መጀመሪያ ብርጭቆውን ያሸታል። ታናሽ ወንድሙ ፈንታ በሕይወት ሳለ «አንተ እኮ የገዛ ጥላህንም መታወቂያ አምጣ ትለዋለህ» እያለ ይስቅበት ነበር።

ፈንታ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ፈንታ ጥር ላይ አግብቶ በዚያው ዓመት ክረምት ከወገዳ ከተማ ሲመለስ፣ የተሳፈረበት አይሱዙ በጭቃው ተንሸራቶ ገደል ገባ። ሠርጉን የቀረጸው ይርዳው ነበር። እናታቸው እማማ የሺ ከቀብሩ በኋላ ፊልሙን «ክፈትልኝ» እያሉ፣ በተከፈተላቸው ቁጥርም ራሳቸውን እየሳቱ ስለወደቁ፣ ይርዳው አንድ ቀን «እማዬ፣ ፊልሙ ተበላሽቶ ጠፋ» አላቸው። ውሸቱን ነው። አዝኖላቸው ነው ብንልለትም ውሸት ውሸት ነው። እማማ የሺ ግን አመኑት፤ «ይህም ቀረብኝ?» አሉና ዳግመኛ አልጠየቁም።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። ይርዳው እንደ ልማዱ ክዳኑን ወደ ብርሃን ሲያጋድለው መሐሉ ላይ የሚያብለጨልጭ ወዝ አየ። የራሱ ጣት መስሎት በጨርቁ ጠረገው፤ አልለቀቀም። በሳሙናው አሸት አሸት አደረገው፤ ደብዘዝ አለ እንጂ አልጠፋም። ነገሩን ሊተወው ሲል እንዲያው አፍንጫውን ጠጋ አደረገ። ቅቤ ነው። የወጥ ቅቤ ሳይሆን አደስ የገባበት፣ ሴቶች ለዓመት በዓልና ለሠርግ ራሳቸውን የሚቀቡት ቅቤ ነው።

«መዓዛ፣ ላፕቶፔን ነክተሽ ነበር?» አላት።

«እኔ ምን ላደርገው?» አለችው ሽንኩርቷን እየከተፈች።

ለጥያቄ ጥያቄ መመለሷን ልብ አለ። ያልነካ ሰው «አልነካሁም» ነው የሚለው። ቀና ብላ አለማየቷንም ልብ አለ። ራሷን ሲያየው ግን ሹሩባዋ ደረቅ ነው፤ ከሱቅ በሚገዛ ቫዝሊን እንጂ ቅቤ ከተቀባች ቆይታለች። ታዲያ ይህ ቅቤ ከማን ራስ፣ በማን እጅ መጣ?

ከሳምንት በኋላ ወዙ ተመልሶ መጣ፤ እዚያው መሐል ላይ። ያን ጊዜ ልቡ ሸፈተ። ላፕቶፑን ከፍቶ ቢያይ ሞልቶት የሄደው ባትሪ ጎድሏል። እንግዲያው መነካት ብቻ አይደለም፣ ተከፍቷል ማለት ነው! ፓስወርዱን ደግሞ ለማንም ነግሮ አያውቅም። ምን እንደታየ ለማወቅ የፊልም ማጫወቻውን ከፈተ፤ ማጫወቻው ግን የታዩትን ፊልሞች ዝርዝር አያስቀምጥም። እንዳያስቀምጥ ያደረገው ራሱ ይርዳው ነው። እሱም ብቻውን ሲሆን ድምፁን ዘግቶ የሚያየው ነገር ስላለው፣ ያንንም ሰው እንዲያውቅበት ስለማይፈልግ ነበር ያጠፋው። አሁን የገዛ መሰወሪያው ሌላ ሰው ሰወረበት።

ቁጭ ብሎ ቤቱ የሚገባውን ሰው ሁሉ አሰበ። ጎረቤት ቢገባም ከደጅ ነው የሚመለሰው። ሳይጠየቅ ጓዳ ድረስ የሚዘልቅ ሰው ቢኖር እናቱ ናቸው፤ ሰፈራቸው ቅርብ ስለሆነ መዓዛን ብቅ እያሉ ያያሉ። እሳቸውን ግን ለአፍታም አልጠረጠራቸውም። እማማ የሺ ሐዘንተኛ ናቸው። ፈንታ ከተቀበረ ጀምሮ ጠጉራቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው፣ ጥቁር ሻሽ አስረው «ከእንግዲህ ቅቤ ለምኔ?» ያሉ ሴት ናቸው። በዚያ አገር የሐዘንተኛ ራስ ደረቅ መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ለዚያውም እንኳን ላፕቶፕ ሊከፍቱ ስልክ ሲጮህ ከአጠገባቸው የሚያሸሹ ናቸው። ስለዚህ እናቱን ከሐሳቡ አወጣና መዓዛ ላይ ተመለሰ።

ሦስተኛው ወዝ በመጣ ጊዜ አልጠረገውም። መዓዛ ውሃ ልትቀዳ እስክትወጣ ጠብቆ፣ ከማሰሮዋ ግማሽ እፍኝ የገብስ ዱቄት ወሰደ፤ የካሜራውን መስታወት በሚያጸዳበት ለስላሳ ብሩሽ ዱቄቱን ክዳኑ ላይ ነሰነሰና እፍ አለው። የጣት አሻራ እንዲህ እንደሚወጣ ፊልም ላይ አይቷል። ደረቁ ቦታ ዱቄቱን ለቀቀ፤ ወዙ ያለበት ያዘው። የወጣው ግን ጣት አልነበረም። ሰፋ ያለ፣ ለስለስ ያለ ነገር ነው፤ በላዩ ላይ አግድም የሄዱ ሦስት መስመሮች አሉበት።

መዳፍ! አለ ይርዳው በልቡ። የገዛ መዳፉን ዘርግቶ አየ፤ ሦስት መስመር። አስጠግቶ ለካው፤ ስፋቱ ይመጣል። የመዓዛን እጅ ያውቀዋል፤ ከእሱ መዳፍ ግማሽ ቢሆን ነው። ከዚህ በኋላ ሐሳቡን ማን ይመልሰው? አንድ ወንድ በዚህ ቤት፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ጣቶቹን አንሥቶ በመዳፉ ተደግፎ ቆሟል። ከማን አጠገብ ቆሞ እንደሆነ ደግሞ መናገር አያስፈልግም። ይርዳው ዱቄቱን አራገፈ።

በማግስቱ ያልበቀለ ጢሙን ሊላጭ ምስጋናው ዘንድ ሄደ። ምስጋናው ከፎቶ ቤቱ ማዶ ያለ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እጁ ከቅባት አይወጣም፣ ከሴት ጋር ወሬ ይወዳል፣ መዓዛም ስታልፍ «እንዴት ዋልሽ የኛ እመቤት?» ይላታል። ይህች «የኛ» የምትለዋ ቃል ዛሬ ዛሬ ይርዳውን ታቃጥለው ጀምራለች።

«ምነው ጃል፣ ትናንትና አይደል እንዴ የተላጨኸው?» አለው ምስጋናው።

«ቶሎ ይበቅልብኛል።»

ምስጋናው ሳቀና ምላጩን አነሣ። ይርዳው በመስታወቱ ውስጥ እጁን እየተከተለ፣ መዳፉ ፊቱ ላይ ባለፈ ቁጥር አየር ሳበ። ሎሚ ሎሚ የሚል ሽቶ እንጂ አደስ የለም።

«ጉንፋን ይዞሃል እንዴ?» አለ ምስጋናው።

«ራስ ቅቤ ትቀባለህ?»

«እኔ?»

«ለደንበኛ ማለቴ ነው።»

«ኧረ አንተ ሰው፣ ምን ሆነሃል? የኔ ደንበኛ ቅቤ ተቀብቶ ቢመጣ ምላጬ ይሠራል?» አለና የይርዳውን ራስ ወደ ብርሃኑ አዞረው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቤት ሰላም ነው?» ብሎ ጠየቀው። ምስጋናው የጠየቀው ከልቡ ነበር። ይርዳው ግን ይህንንም ሌባ የሰረቀውን ቤት ደኅና ነው ወይ ብሎ እንደ መጠየቅ ቆጠረበት። ሽቶ ሽታ እንደሚሸፍን አሰበና በጥርጣሬው ላይ ጥርጣሬ ጨምሮ ተነሣ። ሲወጣ «ትንሽ አልኮል ስጠኝ» አለው። ምስጋናው በትንሽ ጠርሙስ ቀድቶ ሰጠው።

ያን ማታ ሻጩ የከለከለውን አደረገ። ወዙ ከዓይኑ እንዲጠፋለት ብቻ ነው የፈለገው። አልኮሉን በነጠላው ቁራጭ ላይ አፍስሶ፣ እየተጫነ ፈተገው። ቅቤው ወጣ፤ ጎማውም አብሮ ወጣ። ጨርቁ ጥቁር ሆነ፣ ክዳኑ መሐል ላይ የሚያጣብቅ፣ ኋላም የገረጣ ክብ ራሰ በራ ቀረ። መዓዛ ከበሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ምነው እንዲህ ፈተግከው?» አለች።

«የሰው እጅ ስላረፈበት።»

መዓዛ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ይርዳው አየ። የሚደበቅ ነገር ባይኖር ኖሮ አፍ ተከፍቶ አይዘጋም ነበር።

ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ ንግግር አነሰ። መዓዛ ጨው ስታቀብለው ጨው የማቀበሏን ምክንያት ይፈልግ ጀመር። ከጠዋቱ ደስ ብሏት ከዋለች ለምን ደስ አላት ይላል፤ ከከፋትም ማን ቀርቶባት ነው ይላል። እንደዚህ ሆኖ መኖር ለወዳጅ ቀርቶ ለጠላትም አይመኙትም። ይወዳታል፤ ክፋቱም እሱ ነው። ባይወዳት ኖሮ ይህ ሁሉ ዱቄት መንፋት ባላስፈለገው። በመጨረሻ ሲማዳ ወገዳ አጠገብ ለሚኖሩት ለአባቷ ለቄስ ተክለ ማርያም ደወለላቸው። «አባ፣ ቅዳሜ ብቅ ይበሉ። ልጅዎን የሚመለከት ነገር አለ» አላቸው። ቄስ ተክለ ማርያም «በደኅና ነው?» አሉ። «ሲመጡ እንነጋገራለን» ብሎ ዘጋው። የካህን ልጅ በእንዲህ ያለ ነገር ወደ አባቷ ቤት ብትመለስ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ ወዲያ በዚህ አገር ቀና ብላ አትሄድም። አባቷም ቢሆኑ መቅደስ ሲገቡ ዓይን ይከተላቸዋል። ይህን ሁሉ እያወቀ ነው የደወለው። ከዚያ በፊት ግን በዓይኑ ማየት ፈለገ።

ሐሙስ ጠዋት የካሜራ ቦርሳውን አነገተ። «ወገዳ ሠርግ አለብኝ፤ እዚያው አድሬ ነገ ነው የምመጣው» አላት።

«እሺ፣ በሰላም ተመለስ» አለችና የተቋጠረ በሶ ሰጠችው። በዚያች ቅጽበት ፊቷ ፈካ ያለ መሰለው። ይህም ልቡን እንደ ጋለ ምጣድ አቃጠለው።

መኪናው ላይ ተሳፈረ። ከተማውን ወጣ ብሎ ባሕር ዛፎቹ ጋ ሲደርስ «ወራጅ!» አለ። ረዳቱ «አሁን አይደል እንዴ የተሳፈርከው?» ቢለው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወረደ። ከአንድ አጥር የባሕር ዛፍ ዱላ መዘዘ፤ ቅርፊቱን በእጁ እየላጠ በጓሮ በጓሮ ዞረና ጎረቤት ሁሉ ገበያ ወጥቶ ጭር ባለበት ሰዓት የገዛ ቤቱ ጀርባ ደረሰ። መስኮቱ ሥር ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ጣለ።

መጀመሪያ የሰማው የመዓዛን ድምፅ ነው፤ ቀስ ብላ ትናገራለች፣ ቃሉ አይለይም። ቀጥሎ እልልታ ሰማ፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል። ከዚያ አንድ ወንድ ሳቀ።

የወንድ ሳቅ በቤቱ ውስጥ! የይርዳው ደም ወደ ራሱ ወጣ። ሳቁን የሚያውቀው መሰለው፤ የማን እንደሆነ ለማሰብ ግን ለራሱ ጊዜ አልሰጠም። ዱላውን ጨብጦ ወደ ፊት ለፊት ዞረ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ነውር የሚሠራ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ እንደማይተወው ማሰብ ነበረበት፤ ማን ያስብ! በእግሩ ገፋ አድርጎ ገባና ዱላውን ከፍ አድርጎ የእልፍኙን መጋረጃ ሊገልጥ እጁን ዘረጋ።

«ይርዳው!» አለ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ወንድ። «ይርዳው፣ ና እንጂ! ካሜራውን ለሌላ ሰው ስጠውና ግባ! ዛሬ እንኳ ሰው እመን እንጂ!»

ከዚያም ያ ሳቅ ተከተለ። የፈንታ ሳቅ ነው።

ይርዳው የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። በሠርጉ ቀን ምን እንደመለሰለት ያስታውሳል። «ካሜራዬን ለማን አምኜ?» ነበር ያለው። አልገባም፤ ከወንድሙ ጋር ሳይጨፍር ቀረ። አሁን ከመጋረጃው ወዲያ የገዛ ድምፁ ያንኑ ሲመልስ ሰማ።

በመጋረጃው ጠርዝ በኩል አየ። መዓዛ መሬት ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ የታጠፈ ጥቁር ልብስና ጥቁር ሻሽ አለ። በርጩማው ላይ፣ ከላፕቶፑ ፊት ለፊት፣ እናቱ ተቀምጠዋል። ነጭ ጥበብ ለብሰዋል፤ ለፈንታ ሠርግ የለበሱትን። ራሳቸው ተገልጧል። አጥሮ የበቀለው ሽበታቸው ላይ ቅቤ ተለብዷል፤ ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ አቅልጦት በግንባራቸው ወርዶ፣ ሦስቱን የግንባራቸውን መስመሮች ሞልቶ ያበራል። የአደሱ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። አያለቅሱም። ሙሽሮቹ ሲገቡ ሰው እንዳይሰማቸው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው እልል አሉ።

ፊልሙ አለቀ። መዓዛ ክዳኑን ቀስ አድርጋ ከደነችው። እማማ የሺ ተነሡ፣ አማተቡ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጎንበስ ብለው ላፕቶፑን ተሳለሙት። ግንባራቸውን ክዳኑ መሐል ላይ አሳርፈው ቆዩ። ቀና ሲሉ ያ ወዝ እዚያው ቦታ ላይ አብረቀረቀ።

ይርዳው ጠጋ ሊል ሲል ዱላው ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። ሁለቱም ዞሩ።

«እንዴ፣ ልጄ!» አሉ እማማ የሺ። ደነገጡና እጃቸው ወደ ራሳቸው ሄደ፤ ኋላ ግን ተዉት። «መጣህ? እንግዲህ አየኸኝ። ሐዘን ላይ ሆና ቅቤ ተቀባች ትለኝ ይሆናል። ታዲያ ለልጄ ሠርግ በደረቅ ራሴ ልምጣ? ከዚህ ስወጣ መልሼ ጥቁሬን አስራለሁ።»

ይርዳው ዱላውን ወደ ጎኑ አወረደ።

«እግዚአብሔር ይስጥህ፣ የኔ ልጅ» አሉ እየቀረቡ። «መዓዛ ነግራኛለች። የጠፋውን ፊልም ደክመህ ፈልገህ ያገኘኸው አንተ ነህ አሉ። ‹እሱ ግን ማየት አይችልም፣ ሆዱ ይባባል፤ ስለ ፊልሙም አያንሡበት፣ እሱ በሌለ ጊዜ እኔ እከፍትልዎታለሁ› ስትለኝ ጊዜ እኔም አፌን ያዝሁ። አሁን አልወድቅም እኮ። ያን ጊዜ ቁስሉ ትኩስ ስለነበር ነው።»

ይርዳው ወደ መዓዛ አየ። እሷ ግን ዱላውን ነበር የምታየው።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አሉ እናቱ ክዳኑን በጣታቸው እያመለከቱ። «እዚህች ላይ እስመዋለሁ። ግንባሬ ቅባት ስለሆነ ምልክቱ ይቀራል። ተመልሼ ስመጣ ግን የለም፤ ንጹሕ ሆኖ ነው የማገኘው። መጀመሪያ ገረመኝ። ኋላ ግን ገባኝ፤ ልጄ ፈንታ ስሞሼን እየተቀበለኝ ነው አልሁ። አየህ፣ አሁንማ ቦታው ሰዎች እንደሚሳለሙት የደጀ ሰላም መቃን ገርጥቶ ለየ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል። አንተ አልነካኸውም አይደል?»

ይርዳው በአልኮል የፈተገበት ቀን ክንዱን እንዴት እንዳመመው ትዝ አለው።

«አልነካሁትም፣ እማዬ» አላቸው።

መዓዛ ያን ጊዜ ዓይኗን ከዱላው አንሥታ ፊቱን አየችው።

«ይህ ዱላ ምንድን ነው ደግሞ?» አሉ እማማ የሺ።

የመለሰችላቸው መዓዛ ናት። «ለውሻ ነው፣ እማማ» አለች። «መንገድ ላይ ውሻ እያስቸገረው ነው።»

«ተጠንቀቅ ልጄ» አሉ። ጥቁሩን ልብስ ከላይ ደረቡ፤ መዓዛም ሻሹን ጎንበስ ብላ አሰረችላቸው፣ የቅቤው ጫፍ እንዳይታይ በጣቷ ወደ ውስጥ ገፋ እያደረገች። ልጃቸውን ጉንጩን ስመው ወጡ። ከግቢው አጥር እስኪያልፉ ድረስ ሁለቱም በሩ ላይ ቆመው ሸኟቸው።

ሲመለሱ ይርዳው ዱላውን የት እንደሚያኖረው ጠፍቶት መሐል ቤት ቆመ።

«ፓስወርዱን እንዴት አወቅሽ?» አለ በመጨረሻ። ሊል የፈለገው ይህን አልነበረም።

«የወንድምህን ስም ጻፍኩ፤ ተከፈተ» አለች። «ሌላ ምን ልታደርገው ትችላለህ? ድምፁን ዘግተህ ብቻህን ስታየውም አይቼሃለሁ። እናትህም እንዳንተ ያምራቸው ይሆናል አልኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? እናትህን ዋሽተሃል ብዬ? ወይስ ለእሳቸው ሄጄ ልጅዎ ዋሽቶዎታል ልበላቸው? ስምህን ልጠብቅ ብዬ ነው በሁለቱም በኩል አፌን የዘጋሁት። አንተ ግን ዱቄት ትነፋለህ። ማሰሮዬ ሲጎድል የማላይ መሰለህ?»

«መዳፍ መስሎኝ ነው» አለ ይርዳው ድምፁ ተዘግቶ። «የወንድ መዳፍ።»

መዓዛ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። «አባቴ ትናንት ደውሎልኛል» አለች። «‹ምን አጠፋሽ?› ነው ያለኝ። እኔ እንጃ አልኩት። ቅዳሜ ሲመጣ ምን ትለዋለህ?»

«እውነቱን።»

«ዱላውንም?»

ይርዳው የላጠውን ዱላ አየው። «ዱላውንም» አለ። «በጠየቁኝም ባይጠይቁኝም። ምስጋናውንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። መዓዛ፣ አጥፍቻለሁ።»

«አጥፍተሃል» አለች። «ከአባቴ ጋር እሄዳለሁ። ተባርራ መጣች እንዳይባል ራስህ ሸኝተኸን ትመለሳለህ። መመለሴን ግን ዛሬ አትጠይቀኝ፤ እኔም አላውቀውም። እስከዚያው እናትህ ሲመጡ የምትከፍትላቸው አንተ ነህ። አብረሃቸው ቁጭ ብለህ ታያለህ፣ ድምፁን ሳትዘጋ።»

ይርዳው ራሱን ነቀነቀ። እንባው መጥቶ ነበር፤ አልደበቀውም።

መዓዛ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና ያን የነጠላ ቁራጭ አወጣች። አልኮሉ ያጠቆረውን ሳይሆን፣ ከዚያው ነጠላ እንደ አዲስ የቀደደችውን ንጹሑን። መቼ እንደቀደደችው አላወቀም። ጠረጴዛው ላይ አኖረችለትና ከፊቱ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ጥረገዋ» አለችው። «ሲመጡ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚጠብቁት።»

ጨርቁን አነሣ። እጁ እንደ ልማዱ ሊጫን ሲል መዓዛ የእጁን አንጓ ያዘችው። «ቀስ በል» አለች። «የእናትህ ግንባር ነው።»

ይርዳው ክንዱን አላላና ቀስ እያደረገ ይጠርግ ጀመር።